በሙሉ ድምፅ ያሸነፈው የእንፋሎት ሞተር

ናዝሬት፣ ግንቦት 9 ቀን 1973

ዛሬ ያየሁት ነገር እስካሁን ያቅለሸልሸኛል።

በትምህርት ቤታችን ኤግዚቢሽን ለውድድር የቀረቡት ትናንሽ የእንፋሎት ሞተሮች ሁለት ነበሩ። አንዱን ባልደረባዬ ጫልቱ ከተማሪዎቿ ጋር ከዘይት ቆርቆሮ ሠርታዋለች፤ ሌላውን ያመጡት የቀበሌው ወጣቶች ናቸው። ዳኛው እኔ ነበርኩ። ለሁለቱም እኩል ውሃና እኩል ነጭ ጋዝ ሰጥቼ፣ ሞተሮቹ በሚያዞሯቸው ዲናሞዎች ላይ አንድ ዓይነት የብስክሌት አምፖል አሰርኩ። የጫልቱ አምፖል ቦግ አለ። የቀበሌው ቀላ ብሎ ቀረ፤ ሞተሩ ግን ቀይ ቀለም ተቀብቶ ባንዲራ ተሰክቶበታል።

ውጤቱን ልናገር ስነሳ የቀበሌው ሊቀመንበር ቀደመኝ። «ጓዶች፣ ኃይልን የሚመዝነው ሰፊው ሕዝብ እንጂ አምፖል አይደለም! በድምፅ ይወሰን» አለ። ቀጥሎም ወደ ጫልቱ ሞተር እየጠቆመ፣ «ያንን አጥፉልኝ፣ ዓይኔን ወጋኝ» ብሎ አረፈው። አጠፉለት።

«የቀበሌያችንን ሞተር የምትደግፉ?» አዳራሹ እጅ በእጅ ሆነ። ተቃውሞ የለም። ድምፀ ተአቅቦ የለም። በሙሉ ድምፅ አለፈ፤ ተጨበጨበ። ዞር ስል ከኋላዬ የጫልቱም እጅ ተሰቅሏል። እንዴት እንደቀፈፈኝ!

ስንወጣ አላስቻለኝም። «በገዛ ሥራሽ ላይ እንዴት እጅሽን ታወጫለሽ? አታፍሪም?» አልኳት።

ቆርቆሮዋን በነጠላዋ ጠቅልላ ይዛለች፤ ገና አልቀዘቀዘም። «ወንድሜ እስር ቤት ነው» አለችኝ ቀስ ብላ። «ቢሆንም አንተን እያየሁ ነበር። ያንተ እጅ ሲወጣ ነው የኔን ያወጣሁት።»