ከቲንከ ዘር የቀረች የለችም

ይድረስ ለታላቅ እህቴ ለፍራውከ፣

እታለም፣ እንዴት ሰንብተሻል? ጤናሽስ? የባለቤትሽ የዊሌም ወገብ ተሻለው ወይ? ልጆቹስ እንዴት ናቸው? እናንተ ዘንድ ኒውዚላንድ በጋው እየገባ ይሆናል፤ እኛ ዘንድ ዝናቡ ሳምንቱን ሙሉ አላባራም፣ ላሞቹም ከመስክ ተመልሰው በረት ከገቡ ሰነበቱ። እኔና ባለቤቴ ሲፕከ በአካል ደህና ነን። ሐዘን ግን አልተለየንም።

የጥጆቹን ነገር በስልክ ሸፋፍኜ ነበር የነገርኩሽ። ከመጋቢት ወዲህ አሥራ አንድ ጥጃ ሞቶብናል። ሲወለዱ ምንም አይሉም፤ በሁለተኛው ወር ድዳቸው ይቆስላል፣ ያስላሉ፣ ይከሳሉ፣ መድኃኒትም አይሠራላቸው። ሐኪሙ የላሞቹን ደም አስመረመረ። ለካ ያ በወተት ስሙ የገነነው ሮምከ የሚሉት ኮርማ በዘሩ የተደበቀ በሽታ ኖሮበታል። ከአንድ ወገን ብቻ የወረሰች ላም ጤነኛ ናት፣ በቀን አርባ ሊትር ትታለባለች፤ ከእናትም ከአባትም የወረሰ ጥጃ ግን አይተርፍም። የሮምከን ሴት ልጆች ከገዛ ወንድ ልጁ ያዳቀልኳቸው እኔ ነኝ፤ ወተቱ ይጨምርልኛል ብዬ። አሁን በረቱ ውስጥ የእሱ ዘር ያልሆነች ላም ብፈልግ አጣሁ።

አባባ ዓይናቸው ከጠፋ በኋላም ማለዳ ማለዳ በረት ገብተው፣ ላሞቹን በእጃቸው እየዳሰሱ በየስማቸው ይጠሯቸው ነበር። የሐኪሙን ወረቀት ሳነብላቸው፣ «አይዞህ ልጄ፣ ቲንከ አለችልን አይደል? እሷ ዘንድ ያ ኮርማ አልደረሰም። ከእሷ እንጀምራለን» አሉኝ።

እታለም፣ ቲንከ ከድሮዎቹ የአባባ ላሞች የቀረችው የመጨረሻዋ ነበረች። ወተቷ አነሰ ብዬ የዛሬ ሁለት ዓመት፣ እሳቸው ሆስፒታል ተኝተው ሳሉ፣ ለሉካንዳ ሸጥኳት። በቦታዋ ሌላ ላም አስሬ፣ «ቲንከ፣ ቲንከዬ» እያሉ ሲያሻሿት ቆሜ አይ ነበር።

መሸጧን ነገርኳቸው። እሳቸውም፣ «ከሆስፒታል በተመለስኩ ማግስት ነው ያወቅሁት። የእኔ ላም ጀርባዋ ሰፊ ነው፤ ይቺ አጥንት ብቻ ናት» አሉ።

«ታዲያ አሁን ለምን ቲንከ አለችልን አሉኝ?» ብላቸው፣ «አንዲት ጥጃዋን እንኳ ለዘር ደብቀህ አስቀርተህልኝ እንደሆነ ብዬ ነው» አሉኝ።

አላስቀረሁም።

ከዚያ ቀን ወዲህ በረት አይገቡም። አንድም ክፉ ቃል አልተናገሩኝም፤ ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። እባክሽ ደውዪላቸው፤ ስለ ላም ግን አታንሺባቸው።

ዊሌምን በጣም ሰላም በይልኝ። ማርተንንና ትንሿን ዮከን ጉንጫቸውን ሳሚልኝ። ሲፕከ እጅግ ናፍቀሻታል። አባባም፣ ለፍራውከ ጻፍላት፣ ደህና ነኝ በላት ብለዋል።

ወንድምሽ ሂልከ

ዎርኩም፣ ፍሪስላንድ
ኖቬምበር 16 ቀን 1997