በኮምፒውተር የወደቀው ቤታችን

ለውድ ወንድሜ ለኢሃብ፣

የናፍቆት ሰላምታዬ ካለህበት ኩዌት ድረስ ይድረስህ። ጤናህ እንዴት ነው? ያ የወገብ ሕመምህስ ተሻለህ? ሳማህ እንዴት ናት? ትንሿ ለይን ጥርስ አወጣች ወይ? እኛ አለን። እማማ ጉልበቷ ቢያስቸግራትም ደረጃውን በራሷ ትወጣለች፤ ልደግፍሽ ያላትን ሰው ትቆጣለች። እኔ ጤነኛ ነኝ፤ ደህና ነኝ ግን አልልህም።

ቤቱ ሊወድቅባችሁ ስለሆነ ፈርሜ ላስወጣችሁ ብለህ እማማን በስልክ እንደለመንካት ነገረችኝ። ኪራዩ በስምህ ስለሆነ ባለንብረቱ የሚፈልገው ያንተን የመልቀቂያ ፊርማ ነው። ከመፈረምህ በፊት ይህን አንብብልኝ።

በመሐንዲሶች ቢሯችን የቤታችንን አምሳያ በኮምፒውተር የሠራሁት እኔ ነኝ። ግድግዳውንም፣ ምሰሶውንም፣ የተሰነጠቀውን ደረጃ ሳይቀር ለክቼ አስገባሁ። መንቀጥቀጥና መዝመም የሚለኩ ሴንሰሮች ምሰሶዎቹ ላይ ስላሰርን፣ ሕንፃውን የነካው ሁሉ አምሳያው ላይ ይታያል። ሐሳባችን ቤቱ ሳይፈርስ ታድሶ፣ ምድር ቤት ያለው የጥጥ መጋዘን ክሊኒክ እንዲሆን ነበር። ውጤቱም ግልጽ ነበር፤ ቤቱ አርጅቷል፣ ግን ገና ብዙ ዘመን ይቆማል። ባለንብረቱ የሚፈልገው ደግሞ ባዶ መሬት ነው። እንዲህ ያለ የቆየ ሕንፃ «ለመውደቅ የተቃረበ» ካልተባለ ማፍረስ እንደማይፈቀድ ታውቃለህ።

የብርዱ ወራት ሲገባ አምሳያው በድንገት ቀላ። ሕንፃው ይወዛወዛል አለ። ደንግጬ እማማን ይዤ ልወጣ ነበር። ኋላ ግን ልብ ብዬ ሳየው፣ ጠዋት ጠዋት የጭነት መኪናዎች መንገዱን ሲያናውጡት ጸጥ ይላል፤ አመሻሽ ላይ ይወዛወዛል። በሰፈራችን ያደገ ሰው ያንን ሰዓት አይስተውም። ጋሽ ሸሓታ ርግቦቻቸውን ሊያበርሩ ጣራ ላይ ያለውን የእንጨት ማማቸውን የሚወጡበት ሰዓት ነው። ሮጬ ወጣሁ። የምሰሶዎቹ ሴንሰሮች ተነቅለው ከማማው እግር ጋር ታስረዋል። ማን እንዳሰራቸው ብጠይቃቸው ከቢሮሽ የመጡ ልጆች ናቸው አሉኝ። «ለርግቦችህ ጤና ነው ቢሉኝ ሻይ አፍልቼ አጠጣኋቸው እኮ» አሉኝና ፊታቸውን አዞሩ።

ወደ አለቃዬ ወደ ኢንጂነር ሙክታር ገባሁ። አልካደም፤ ለባለንብረቱ ወግኗል። በሩን ዘግቶ፣ «ልጄ፣ እናትሽ እዚያው ቤት ነው የምትኖረው። ማን ያምንሻል? አምሳያው ላይ ያለውም ስም ያንቺ ነው» አለኝ።

«የመጣሁት ስሜ ስለሆነ ነው» አልኩት።

በማግስቱ መታወቂያዬን ቀምተው አባረሩኝ። ሙክታርም ቤቶች ይፍረሱ አይፍረሱ ብሎ ለሚወስነው ኮሚቴ፣ ለእናቷ ስታዳላ ተገኘች ብሎ ጻፈብኝ። እኔም ዝም አላልኩም፤ የኮሚቴው ሰዎች መጥተው ማማውን በዓይናቸው እንዲያዩ ለምኜ ቀጠሮ አስያዝኩ። ቀጠሮው ሳይደርስ ግን የባለንብረቱ ሠራተኞች መጡና ሕገወጥ ግንባታ ነው ብለው ማማውን ከጣራ ወደ ግቢው ጣሉት። በጥድፊያ ሴንሰሮቹን መንቀል ረስተዋል። ጋሽ ሸሓታ ደረጃው ላይ ተቀመጡ። ርግቦቹ እስኪመሽ በላያችን ዞሩ።

ያን ጊዜ አብራኝ ትሠራ የነበረችው ኢንጂ ደወለች። «ራንዳ፣ የት ነሽ? ቤታችሁ ወድቋል! አምሳያው በጎኑ ተኝቷል!» እያለች ታለቅሳለች። እኔ በረንዳ ላይ የእማማን ልብስ እያሰጣሁ ነበር።

ይህንኑ ለኮሚቴው ሰብሳቢ ነገርኩት። ሳቀ። መሣሪያው ተበላሽቶ ይሆናል፣ ቤቱ ይፍረስ የሚለው ውሳኔ ግን ወጥቷል አለኝ። ውሳኔውን ያወጡት በዚያው መሣሪያ ነው! በስሜ ለፍርድ ቤት አቤት ብያለሁ። ይፈረድልኛል ብዬ አላታልልህም፤ ጎረቤቶቻችንም ዕቃቸውን ማሰር ጀምረዋል።

ወንድም ዓለም፣ አትፈርም። አንተ ከፈረምክ የወደቀ ቤት ጠረጉ ይባላል። ካልፈረምክ ግን የቆመ ቤት እንዳፈረሱ፣ እኛም ውስጡ እንደነበርን የሚክደው የለም።

እማማ ዓይንህን ስማለች፤ ሳማህንም ብርድ እንዳይመታሽ ተጠንቀቂ ብላታለች። ለይንን በሁለት ጉንጯ ሳምልኝ። ጋሽ ሸሓታም ሰላም ብለውሃል። ርግቦቻቸው ማረፊያ ስላጡ አንተ ትተኛበት በነበረው ክፍል አስገብተናቸዋል፤ መስኮቱን አልዘጋነውም።

እህትህ ራንዳ
እስክንድርያ፣ ፌብሩዋሪ 9 ቀን 2025