አንድ ድር የጎደላት ጥለት

አሽዶድ፣ ሮቫ ሄ
እሑድ፣ ማርች 9 ቀን 2025

ለልጄ ለሮቴም፣ በርሊን፤

እንዴት ሰነበትሽ? እኔ ከጉልበቴ በቀር ደኅና ነኝ። የሥዕልሽን ፎቶ ወንድምሽ ዮታም መሀል ከተማ፣ ሃኪርያ ወስዶ በትልቅ ወረቀት አሳትሞ አመጣልኝ። ሰባት ወር ፈጀብኝ ብለሻል። ሰባት ወር! እኔ ያንን ጥለት በሦስት ቀን እጨርሰው ነበር፤ ያውም ሰው ይለብሰዋል። ያንቺን ማን ይለብሰዋል? ጎንደር ሳለን ስንሸምን «ቁጢት በጣሽ» እያሉ ይሰድቡን ነበር። አንቺ ሸማውን ትተሽ ጥለቱን ብቻ በብሩሽ ስትለቀልቂ ግን ፈረንጁ ወይን ይዞ ያደንቃል።

ጎረቤቴ ራሕሚም አይቶ «ዮፊ! ውብ ነው!» አለ። እሱ ምን ያውቃል፤ የመጋረጃ ናሙና መስሎት ነው።

«ኤግዚቢሽኑ ሳይከፈት ቁጠርልኝ፤ ስሕተት ካለ አርመዋለሁ» ስላልሽኝ መነጽሬን አድርጌ ቆጠርሁ። በእያንዳንዱ ጌጥ በግራ ሰባት፣ በቀኝ ግን ስድስት ነጥብ፤ አንድ ጎድሏል።

«አባ፣ ተዋት፤ ይሄ እኮ ኦማኑት ነው፤ ኪነ ጥበብ» አለ ዮታም።

«ኦማኑት ከሆነ መቁጠር ተከለከለ?» አልሁት።

ከእናትሽ ነጠላ ላይ ያ ሁሉ ደኅና ጌጥ እያለ የተበላሸችዋን መርጠሽ፣ እሷኑ ሁለት መቶ አሥራ ሁለት ጊዜ ደጋገምሻት። ተማሪዬ ብትሆኚ መወርወሪያውን ከእጅሽ እቀማሽ ነበር።

ያ ስሕተት የኔ ነው። ነጠላው የሌላ ሰው ትእዛዝ ነበር። ስሸምን እናትሽ ጸሐይ በደጃችን አለፈች። ቀና ብዬ ሳያት ቁጥሩ ጠፋኝ፤ አንድ ድር ዘለልሁ። ፈትቼ ማረም ይቻል ነበር፤ አልፈታሁትም። ለባለቤቱ ሌላ ሠራሁለትና ያንን ለሠርጋችን እሷን አለበስኋት። ምክንያቱን እስክታርፍ ድረስ አልነገርኋትም፤ አፈርሁ።

አንቺ ደግሞ ያቺን የመረጥሽው እናትሽ ሁልጊዜ ያንን ጫፍ ደረቷ ላይ ታደርገው ስለ ነበር ነው አልሽ። ይህን ሳነብ ደነገጥሁ። ያን ሁሉ ዓመት አጠገቧ ተቀምጬ ልብ አላልሁም። ለካ ታውቅ ኖሯል።

ስለዚህ ሥዕልሽ አሁንም የሥራ ፈት ሥራ ነው፤ ግን አንዲት ነጥብ እንዳትነኪ። ወረቀቱን ከአልጋዬ ፊት ለፊት ለጥፌዋለሁ። ስቆጥር ስድስት ላይ በደረስሁ ቁጥር ቀና ብዬ ወደ በሩ አያለሁ።

የአባቶቻችን አምላክ ዓይንሽንና እጅሽን ይጠብቅልኝ፤ ጎንበስ ብለሽ ወገብሽን አትጨርሺ።

አባትሽ፣
ሸማኔው አምባቸው