ያልጾምኩት ጾምና የማሂ ትግል

ይድረስ ለማከብርዎትና ለምወድዎት አጎቴ፣ ለጋሼ አንዷለም፦

«የዚህ ልጅ ጆሮ ምን ሆኖ ነው?» ብለው ሳይጠይቁ አልቀሩም። ልጅዎ ልዕልት የምርቃቴን ፎቶ በስልኳ አስፍታ ስታሳይዎት፣ እርስዎ መነጽርዎን ወደ ግንባርዎ ገፋ አድርገው ጠጋ ሲሉ ከዚህ ሆኜ ይታየኛል። መልሱን እነግርዎታለሁ፤ ከጆሮዬ በፊት ግን የእርስዎ ጤና ይቅደም። እንዴት ነዎት? ጉልበትዎ ደረጃ ሲወጡ አሁንም ያስቸግርዎታል? የደሴ ብርድ በጥቅምት እንደማይቻል አልረሳሁምና ያን ወፍራም ሹራብ አውጥተውታል? እትዬ ተናኘስ ግፊታቸውን ይለካሉ ወይስ ዛሬም «እኔ ምንም የለብኝም» ነው የሚሉት? እኛ ተመስገን ደህና ነን። እማዬ ሲመሽ እግሯን ያማታል እንጂ ከሥራዋ አልቀረችም። ታናሽ እህቴ ማሂ በቁመት እማዬን አልፋ እኔን ለመድረስ ትጣደፋለች። እኔ ደግሞ ከተመረቅኩ ወዲህ አንድ ቦታ መቀመጥ አቅቶኛል።

አምስት ወር ሆነኝ እኮ! ሎረንስቪል ያለው የካውንቲው (እንደ እናንተ ወረዳ ነው) መሥሪያ ቤት ለመንገድ ምህንድስና ሥራ ኢንተርቪው ጠርቶኛል፤ የፊታችን ሐሙስ ነው፣ ይጸልዩልኝ። እስከዚያው ኮሌጅ ፓርክ ካሉት ሆቴሎች ወደ ኤርፖርት መንገደኛ አመላልሳለሁ። በሳምንት ሦስት ቀን ደግሞ እዚሁ ታከር፣ የተማርኩበት ሃይስኩል ሄጄ ትግል የሚለማመዱ ልጆችን አሯሩጣለሁ።

አዎ ጋሼ፣ ትግል ነው ያልኩት። እማዬ «ስፖርት ይሠራል» ብላ ያለፈችው ይህንኑ ነው። ጆሮዬንም በር መትቶት አይደለም። ጆሮ ከወለሉ ምንጣፍና ከሰው ጭንቅላት ጋር ሲፋተግ ደም ይቋጥራል፤ ቶሎ ካልተመጠጠ እዚያው ይደርቅና እንደዚህ ተጨማዶ ይቀራል። መከላከያ ነበረኝ፤ ስለሚያሳክከኝ አውልቄ እጥለው ነበር። አሁን አያመኝም።

ነገሩ የተጀመረው ዘጠነኛ ክፍል ነው። ክብደቴ አርባ ሰባት ኪሎ ነበር። እዚህ ልጆች የሚታገሉት በክብደት ተመድበው ነው፤ ትንሹ መደብ አርባ ስምንት ኪሎ ነው። ለዚያ የሚሆን ልጅ ያላገኘ ቡድን ገና ሳይታገል ነጥቡን ለተጋጣሚው ያስረክባል። አሠልጣኙ ኮች ሬይ ምሳ ቤት ውስጥ አየኝና ከእግሬ እስከ ራሴ ተመልክቶ «ስንት ትመዝናለህ?» አለኝ። ስነግረው ሁለት እጁን ወደ ጣሪያው ዘረጋ። እኔ «ነፋስ ይወስድሃል» እየተባልኩ ያደግኩ ልጅ ነኝ፤ እርስዎም ብለውኛል። ቅጥነቴን አይቶ ደስ ያለው የመጀመሪያው ሰው እሱ ነው።

በትግል ሁለቱም ትከሻዎች ወለሉን ከነኩ አለቀ። የጂሙን መብራቶች አንድ በአንድ አውቃቸዋለሁ፤ ዓመቱን ሙሉ በጀርባዬ ተኝቼ ነው ያጠናኋቸው። ግን ወደድኩት። እንግሊዝኛዬ እየተሰባበረ ሰው ፊት አፌን መክፈት በማፍርበት ጊዜ፣ እዚያ ምንጣፍ ላይ ማንም እንድናገር አልጠየቀኝም።

አሥረኛ ክፍል ላይ ድንገት አደግኩ። ቡድኑ የሚፈልገኝ ሃምሳ አንድ ኪሎ ላይ ነበር፤ እኔ ሃምሳ ሦስት ተኩል ገባሁ። ኮች ሬይ «ወደ ላይኛው መደብ ውጣ፣ ችግር የለም» ብሎኝ ነበር። እኔ ግን እዚያ ያሉትን ልጆች እንደማልችላቸው አውቀዋለሁ። «ይወርድልኛል» አልኩትና ምግብ ቀነስኩ።

አንድ ቀን እማዬ ያልተነካ ሳህኔን አየችና «የነቢያትን ጾም ያዝክ እንዴ?» አለችኝ። ለካ ጾሙ ከገባ ሁለተኛ ቀኑ ነው፤ እኔ መግባቱንም አላወቅኩም። ፊቷ ላይ የነበረውን ደስታ ቢያዩት እርስዎም አይጨክኑም። «አዎ» አልኳት። ያቺን አንዲት ቃል ነው ያልኩት።

እሑድ ቤተ ክርስቲያን ስንደርስ ሰው ሁሉ ሰምቷል። የእማዬ ጓደኛ እትዬ ፍቅርተ ግንባሬን ሳሙኝ። ወዲያው ወደ ልጃቸው ዞረው «የመነን ልጅ ማንም ሳያዘው እስከ ዘጠኝ ሰዓት ይጾማል፤ አንተ በጠዋቱ ፒዛ!» ብለው ጮኹበት። ከዚያ ወዲህ እኩዮቼ ባገኙኝ ቁጥር ጉልበቴን እየነኩ «አባ ኤልያብ፣ ይፍቱኝ» ይሉኝ ጀመር።

እማዬ ደግሞ ጿሚ ልጇን በባዶ እጇ አላደነቀችም። ከሆቴሉ ሥራ ደክሟት ገብታ ሱፍ ትፈጫለች፤ ፍትፍቱን በትልቅ ዕቃ ሞልታ «ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ጠግበህ ብላ» ብላ ታስይዘኛለች። ያን ሁሉ ብበላማ ስድሳ ኪሎ በገባሁ ነበር። ስለዚህ በየቀኑ ለማርከስ እሰጠው ነበር። ማርከስ የቡድናችን ትልቁ ልጅ ነው፤ መቶ ሃያ ኪሎ። ዕቃውን በጣቱ ጠርጎ ይጨርስና «ይሄ ጾማችሁ ስንት ቀን ነው?» ይለኛል። ለገና ስንፈታ ከልቡ ያዘነ እሱ ብቻ ነው።

ታኅሣሥ መጀመሪያ ላይ እኛው ጂም ውስጥ ውድድር ነበር። ሚዛን ላይ ወጣሁ፤ ክብደቴ ደረሰልኝ። ስወርድ ግን ግድግዳው ዞረብኝ። ኮች ሬይ ደግፎ አስቀመጠኝና «መጨረሻ የበላኸው መቼ ነው?» አለኝ። «ትናንት ጠዋት» አልኩት። «ዛሬ አትታገልም» አለና ለእማዬ ደወለ። እማዬ የሥራ ልብሷን እንደለበሰች ከኮሌጅ ፓርክ እየበረረች መጣች።

ያኔ እንግሊዝኛዋ ገና ስለነበር አስተርጓሚው እኔው ነኝ። ኮች ሬይ «ልጅዎ ክብደት ለመቀነስ ብሎ ራሱን እያስራበ ነው፤ እኔ አላዘዝኩትም፣ አልፈቅድምም» አለ። እኔ ለእማዬ «ምግብ እንዳልበላሁ አውቆ ተጨንቋል» አልኳት። እማዬ ቀና ብላ «ጾም ላይ ነው በለው። ሃይማኖታችን ነው፣ ማንም አላስገደደውም በለው» አለችኝ። ይህን ቃል በቃል ተረጎምኩለት። ኮች ሬይ ባርኔጣውን አወለቀ። «ይቅርታ ጠይቅልኝ፣ አላወቅኩም» አለ። ይቅርታውንም ተረጎምኩ። ሁለቱ ተከባብረው ተጨባበጡ። ጋሼ፣ እዚያ ክፍል ውስጥ እውነቱን የማውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ፤ መሃላቸው ቆሜ ሁለቱንም ዋሸኋቸው።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ኮች ሬይ «እምነቱን የሚያከብር ልጅ ለእኔ ብሎ አይጎዳም» ብሎ ወደ ሃምሳ አራት ኪሎ አወጣኝ። ከአሥራ አራት ግጥሚያ አሥራ ሁለቱን ተሸነፍኩ፤ ያገኘሁት የእጄን ነው።

በሚቀጥለው ዓመት በርትቼ ነበር። እማዬም አንድ ጊዜ መጥታ አየችኝ። የምንለብሰውን ጥብቅ ልብስ ስታይ «ሱሪህን ረሳኸው?» አለችኝ። ተጋጣሚዬ አንገቴን ሲይዘኝ ደግሞ ብድግ ብላ «ኧረ ልቀቀው! አንተ ልጅ፣ እናት የለህም?» ብላ ስትጮህ ዳኛው ሳይቀር ዞር አለ። አሸነፍኩ። ሲያልቅ ሁለት ብርቱካን ይዛ ወረደች፤ አንዱ ለእኔ፣ አንዱ ለጣልኩት ልጅ።

ይህን ሁሉ ዛሬ የምዘረዝርልዎ ስለ ማሂ ነው። ትምህርት ቤቱ ዘንድሮ የሴቶች ቡድን አቋቁሟል፤ ማሂም «እገባለሁ» ብላ ተነሥታለች። «ላይክ፣ እኔ ክብደት ምናምን አልቀንስም፤ ያለኝን ይዤ ነው የምገባው። የቻለች ትጣለኝ!» ነው የምትለው። እማዬ ግን እምቢ አለች። ማሂ «ለኤልያብ ፈቅደሽለት የለ?» ስትላት፣ «ኤልያብን የጠበቀው ጾሙ ነው። አንቺን ምን ይጠብቅሻል?» ብላ መለሰችላት። ማሂ ወደ እኔ ዞረች። እኔ አቀርቅሬ ሳህኔን አየሁ።

ሁለት ቀን እንደምንም ዋልኩ። በሦስተኛው እማዬን ከሥራ ሳመጣት፣ ቤት ሳንደርስ አንድ የገበያ ማዕከል በር ላይ ፓርክ አደረግኩና ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ነገርኳት። ከዚያ «ያ ሰውዬ ይቅርታ የጠየቀኝ በከንቱ ነው?» አለች። «አዎ» አልኳት። «እኔስ ለፍቅርተ... ለዚያ ሁሉ ሰው...» ብላ ሳትጨርሰው መስኮት መስኮቱን ታይ ጀመር። ሳምንት ሙሉ ከ«ብላ» በቀር ቃል አልሰጠችኝም። ማክሰኞ ዕለት ራሷ ትምህርት ቤት ሄዳ፣ ያለ አስተርጓሚ፣ ኮች ሬይን ይቅርታ ጠየቀችው። ይህን የሰማሁት ከእሱ ነው። ማታ ላይ ሁለታችንንም ጠርታ «የማሂን ነገር ጋሼ ይቁረጡት። የእኔ ዓይን አንዴ ተታሏል፤ ሁለተኛ አላምነውም» አለችን።

እንግዲህ ነገሩ እጅዎ ላይ ነው። እውነቱን ተናግሬ ለማሂ መንገድ የጠረግኩ መስሎኝ ነበር፤ ጭራሽ ዘጋሁባት። ሠላሳ ዓመት ርዕሰ መምህር ሆነው ስንቱን ልጅ መክረዋልና ለእርስዎ አላስመስልም። ትግል አደጋ የለውም አልልም። ልጆች ራሳቸውን እንዳያስርቡ የሚከለክል ደንብ አለ፤ ያኔም ነበር፤ ደንቡን ያለፍኩት እኔ ነኝ። ግን ባለፈው ወደ ልምምዱ ይዣት ሄጄ ነበር። ከእሷ የምትገዝፍ ልጅ ሦስት ጊዜ ጣለቻት። በአራተኛው ማሂ የልጅቷን እግር ያዘች፤ ፊሽካ እስኪነፋ አልለቀቀችም። ስንመለስ ከንፈሯ አብጦ፣ መኪና ውስጥ አንድ ጊዜም ስልኳን ሳታወጣ፣ እንዴት እንደያዘቻት ደጋግማ ስታወራልኝ መጣን። ከፈቀዱላት ልምምድ ባለበት ቀን ሁሉ እዚያው እገኛለሁ፤ ካውንቲው ቢቀጥረኝም ከሥራ በቀጥታ እመጣለሁ። ስለ ምግቧ ኮች ሬይ ከእማዬ ጋር በቀጥታ ይነጋገር፤ እኔ መሃል አልገባም።

የፈቃድ ቅጹ እስከ ጥቅምት 21 መግባት አለበት። ይህን በእጄ ጽፌ፣ ፎቶ አንሥቼ በልጅዎ በሰርፀ ቴሌግራም የምልክልዎ በስልክ ብጀምረው መሃል ላይ እንደምሸሽ ስለማውቅ ነው። መልሱን ግን ለእማዬ በስልክ ይንገሯት። ከመቁረጥዎ በፊት ማሂን ራሷን ጠርተው ይጠይቋት። ምን ዓይነት ልጅ እንደሆነች ከአፏ ይስሙ፤ ከዚያ የመሰለዎትን ይፍረዱ። ብቻ የእኔን ጥፋት በእሷ ላይ አያስቡባት። ለእኔ የሚገባኝን ቁጣ ለብቻው ይጻፉልኝ፤ አንብቤ እቀበላለሁ።

እትዬ ተናኘን ሁለቱንም ጉንጫቸውን ይሳሙልኝ፤ ግፊታቸውንም ያስለኩ። ሰርፀን ደብዳቤውን ሳያነብ እንዳልሰጠዎት አውቃለሁና አንድ ኩርኩም ይስጡልኝ፤ ቀጥለው ይሳሙልኝ። ልዕልት ለፈተናዋ ትበርታ፤ ማሂ በየቀኑ ስሟን ታነሣለች። እማዬ መጻፌን ታውቃለች፤ ምን እንደጻፍኩ አልጠየቀችኝም፤ «ሰላም በልልኝ» ብቻ አለችኝ። እሑድ ዕረፍቷ ነው። ከቅዳሴ መልስ ሦስታችንም ቤት ነን፤ እባክዎ ይደውሉ።

ልጅዎ ኤልያብ
አትላንታ፣ ጥቅምት 9 ቀን 2018 ዓ.ም.