መስታወቱ ላይ ያለው እንቁላል ነው

ድምቡሼ፣
ሰርቪሱ በር ላይ ቆሞ ክላክስ እያደረገብኝ ነው የምጽፍልሽ። መልአክ ዓሣችን እንቁላል ጣለች! አኳሪየሙ መስታወት ላይ የተለጠፉት፣ የሰናፍጭ ፍሬ የሚያካክሉት ነገሮች ቆሻሻ አይደሉም። እባክሽ እንደ ባለፈው በስፖንጅ እንዳትጠርጊያቸው።

ሌሎቹን ዓሦች ወደ ባልዲ አውጥቻለሁ። ያ ሆዳሙ ጥቁር ብቻ አልያዝ ብሎኝ ቀረ፤ እናትና አባት እሱን ሲያባርሩ ከጠዋት ጀምሮ እፎይ አላሉም። መረቡ መታጠቢያ ቤት አለልሽ፣ ቀስ ብለሽ ያዢልኝ። ወላጆቹ ከደነገጡ የገዛ እንቁላላቸውን ይበሉታል። መብራቱንም አታጥፊ።

ያን ቀን የጮህኩብሽ ግን...
ተይው፣ አሁን ጊዜ የለኝም።

ብቻ ስመለስ አንድም ባይተርፍ ጥፋቱ ያንቺ አይደለም። ይህን አሁን የጻፍኩልሽ፣ ያኔ ከአፌ ላይወጣ ስለሚችል ነው።