ስለ ረጅሟ ላንድሮቨር ሞተር

ለተከበሩ የተሽከርካሪ ስምሪት ኃላፊ ጓድ ደሳለኝ
ደብረ ታቦር

ከሁሉ አስቀድሜ እርስዎ፣ ወገብዎና የአጭሯ ላንድሮቨርዎ ወንበር ክረምቱ እንደምን ይዟችኋል እላለሁ። እኔ ከጉና ሥር የምኖር፣ ከመሠረተ ትምህርት የማታ ክፍል ከሃያ ስምንት ሰው አንደኛ የወጣሁ ገበሬ ነኝ። እስካሁን አቤቱታዬን በጣት አሻራ አቀርብ ስለነበር ሳያነቡት ቀርተዋል፤ አሁን በገዛ እጄ ጽሕፈት ስለመጣሁልዎ እንኳን ደስ ያለዎት።

፩ኛ. መሥሪያ ቤትዎ ሦስት ላንድሮቨሮች እንዳሉት አገር ያውቃል። አጭሯ ባለ አራት ሲሊንደር ቤንዚን የእርስዎ ናት። ባለ ስድስት ሲሊንደሯ ፒካፕ ቤንዚን እንደ ጠላ ስለምትጨልጥ ከቆመች ዓመት አልፏታል። ረጅሟ፣ ባለ ናፍጣዋ፣ ከጉና ሕመምተኛና ወላድ ወደ ሆስፒታል እንድታደርስ ለገበሬዎች ማኅበራችን የተመደበች ናት። የመደቧት እርስዎ ነዎትና ምስጋናዬ ወሰን የለውም።

፪ኛ. ቤንዚን በኩፖን ከሆነ ወዲህ ግን ረጅሟ ታማለች ተብላ ግቢዎ ውስጥ ሸራ ለብሳ ተኝታለች። በዚያው ሳምንት አጭሯ ድምፅዋ ጎርንኖ፣ ጥቁር ጭስ እየተፋች፣ ሐሙስ ሐሙስ ሐሙሲት ገበያ መመላለስ ጀመረች። ቤንዚን ሞተር እንዲህ ሲያጉረመርም ሰምቼ ስለማላውቅ ጉንፋን ይሆናል ብዬ አዘንኩላት።

፫ኛ. ባለፈው ሐሙስ ጭቃ ይዟት ሳለ ከገፏት ስምንት ሰዎች አንዱ እኔ ነበርኩ፤ ከሁሉም አብልጬ የገፋሁትም እኔ ነኝ። ሾፌርዎ ኮፈኑን ሲከፍት ሞተሩ ላይ የተቀረጸውን ቁጥር አንድ በአንድ አነበብኩ። ከማኅበራችን ጽሕፈት ቤት ካለው የረጅሟ ሊብሬ ጋር ባስተያየው አንድ አኃዝ አልተዛነፈም። የሁለቱ መኪኖች የሞተር መቀመጫ አንድ ስለሆነ ማዛወሩ እንደማይከብድ አንድ መካኒክ አስረድቶኛል። የመካኒኩን ስም መጻፍ ገና አልተማርኩም።

፬ኛ. ባለቤቴ ጥሩወርቅ ወሯ ገብቷል። የመጀመሪያውን ሦስት ቀን አምጣ ሕፃኑን አጥተናል፤ ሐኪሙም ሁለተኛውን ያለ ሆስፒታል እንዳትሞክረው ብሎ አስጠንቅቆናል። ከቤቴ ደብረ ታቦር በቃሬዛ ስድስት ሰዓት፣ በናፍጣዋ ግን አንድ ሰዓት ተኩል ነው። ይህችን አንዲት አንቀጽ ስጽፍ እንኳ አራት ጊዜ ተነሥቼ ከደጅ ደርሼ ተመልሻለሁና ፊደሉ ቢንጋደድ ጥፋቱ የአስተማሪዬ አይደለም።

ስለዚህ ሞተሩ እስከ ሰኞ ወደ ረጅሟ እንዲመለስና ክቡርነትዎም ለጥቂት ጊዜ የእግር መንገድን ጥቅም እንዲያጠኑ በታላቅ ትሕትና እጠይቃለሁ።

ጭቃው ለጫማዎ እንዲራራ እየተመኘሁ፣ ከአብዮታዊ ሰላምታ ጋር ራሴ ጽፌ ራሴ የፈረምኩ፣

ጌጡ ይርጋ
ከጉና ሥር፣ ሐምሌ ፲፱፻፸፮ ዓ.ም.

ማስታወሻ፦ ፊርማዬ ሳይደርቅ ጥሩወርቅን ምጥ ስለያዛት እስከ ሰኞ የሚለውን ሰርዘው ያንብቡልኝ። እኛ በቃሬዛ ይዘናት ተነሥተናል። ወንድሟ ታደሰ ይህን ወረቀት ይዞ በበቅሎ ይቀድመናል፤ ደጅዎ ላይ ቆሞ ለአላፊ አግዳሚው ጮኾ እንዲያነበውም አዝዤዋለሁ። አንብቦ እስኪጨርስ ሳይጠብቁ አጭሯን አስነሥተው ወደ እኛ ይላኩ። ሾፌርዎ የጉናን መንገድ ባያውቀው ሞተሩ ያውቀዋል።