ባርኮት የሠራችው ደወል

ሐምሌ 12

ይድረስ ቤሩት ለምትገኚው ለምወድሽ እህቴ ለእየሩስ፤

ጤናሽ እንዴት ነው? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን፤ የፈረንሳይ ለጋሲዮን ዳገትም እንደተውሽው አለ።

ልጅሽ ባርኮት ቅዳሜ ቅዳሜ ኮተቤ እየሄደች ኮዲንግ ትማራለች፤ ለኮምፒውተር ትእዛዝ መጻፍ ነው። እሁድ ጠዋት በሦስት ሰዓት ስለምትደውዪ፣ ሰዓቱን የሚያስታውሰን ደወል ሠራች። ክፍል ውስጥ ስትሞክረው ግን ሦስት ሰዓት ሆኖ ዝም አለ። ልጆቹ «ደወልሽ ተኝቷል እንዴ!» ብለው ሳቁባት።

ድሮ ሲስቁባት ሳምንቱን ሙሉ ከቤት አትወጣም ነበር፤ ታውቂያታለሽ። አሁን ከወንበሯም አልተነሳች። የጻፈችውን መስመር በመስመር ስትፈትሽ፣ ኮምፒውተሩ ሰዓት የሚቆጥረው እንደኛ ከንጋት ሳይሆን ከእኩለ ሌሊት መሆኑን ደረሰችበት። ሦስቱ ላይ ስድስት ስትደምርበት ደወሉ ጮኸ። «አክስቴ፣ ስህተት ይፈለጋል እንጂ አይለቀስበትም» አለችኝ።

ደወሉን ስልኬ ላይ ጭናዋለች። ከፋሲካ ወዲህ አልደወልሽም፤ ለባርኮት «እናትሽ ሥራ በዝቶባት ነው» ብያታለሁ። እሁድ እሁድ ደወሉ ሲጮኽ ስልኩን መሀላችን አድርገን እንቀመጣለን። ባለፈው እሁድ ፊቴን ወደ መስኮቱ ባዞር ትከሻዬን ያዘችና «ደወሉ ይሠራል፤ ስህተቱ ሌላ ቦታ ነው። እንፈልገዋለን» አለችኝ።

ይህን ወረቀት የጎረቤታችን የጠሀ ልጅ ናዲያ ለሥራ ስትመጣ በእጇ ታደርስልሻለች። ብዙ ጻፊ አልልሽም። ስምሽን ብቻ በራስሽ እጅ ጽፈሽ ላኪልን።

የእንጦጦ ማርያም ካለሽበት ትጠብቅሽ።

እህትሽ ወርቅአየሁ